ጓንቱን ያለፈችው ጠብታ፦ ዳይሜቲልሜርኩሪ ላለበት ቤተ ሙከራ ዝርዝር መመሪያ

ነሐሴ 8 ቀን 1988 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦገስት 14 ቀን 1996) በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር፣ በዳርትማውዝ ኮሌጅ፣ ፕሮፌሰር ኬረን ዌተርሃን የላቴክስ ጓንት አጥልቀው፣ መነጽር አድርገው፣ አየር በሚስበው ሁድ ሥር ይሠሩ ነበር። ዳይሜቲልሜርኩሪ የተባለውን ብርቱ መርዝ የሆነ ፈሳሽ የያዘችውን ብልቃጥ ቶሎ እንዳይተንባቸው በበረዶ ውሃ አቀዝቅዘዋታል። በፒፔት፣ በቀጭኗ ፈሳሽ መቅጃ፣ ቀድተው ወደ ሌላ ቱቦ ሲያዛውሩ ከፒፔቱ ጫፍ አንድ ወይም ጥቂት ጠብታ ጓንታቸው ላይ ወረደ። ሥራቸውን ጨረሱ፣ አጸዱ፣ ጓንቱን አውልቀው እጃቸውን ታጠቡ። በዚያን ጊዜ በነበረው ደንብ የጎደለ ነገር አልነበረም።

ለወራት የተለየ ነገር አልታያቸውም። በኋላ ሆዳቸውን ያማቸው፣ ክብደታቸውም ይቀንስ ጀመር። ጥር ላይ ሲራመዱ መንገዳገድ መጣ፤ ምላሳቸው ተሳሰረ፣ የዓይናቸው እይታ ጠበበ፣ ጆሯቸው ደከመ። ደማቸው ሲመረመር በሊትር 4,000 ማይክሮግራም ሜርኩሪ ተገኘበት። የመመረዝ ደረጃ የሚባለው 200 ነው፤ የጤነኛ ሰው ደግሞ ከ10 በታች። የነርቭ ምልክቱ ከጀመረ በሦስት ሳምንት ገደማ ራሳቸውን ሳቱ፣ ሰኔ 1 ቀን 1989 ዓ.ም. አረፉ። ዕድሜያቸው 48፣ ጠብታዋ ከወደቀች 298 ቀን ነበር። ያስገረመው ደግሞ ሴትየዋ የመርዛማ ብረቶችን ጠባይ በማጥናት የታወቁ መሆናቸው ነው። በሰውነታቸው የተገኘው ሁሉ ተሰልቶ ወደ ፈሳሽ ሲመለስ ግማሽ ሚሊሊትር አልሞላም።

በቤተ ሙከራ ደህንነት ሥራ ላይ ስለቆየሁ ይህን ታሪክ ለአዲስ ገቢዎች ብዙ ጊዜ ነግሬያለሁ። ሰምተው ሲያበቁ የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጓንት አድርገው አልነበር እንዴ?» አድርገዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው ለዚያ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ የትኛው ሜርኩሪ እንደሆነ እወቁ

አባቶቻችን ባዚቃ የሚሉት፣ ቴርሞሜትር ሲሰበር ወለል ላይ እንደ ብር ዶቃ የሚንከባለለው ብረቱ ሜርኩሪ ነው። ባህላዊ ወርቅ አውጪዎችም ወርቁን ከአሸዋ ለመለየት የሚጠቀሙት እሱኑ ነው። ጉዳቱ በዋናነት በትነቱ ነው፤ የዋህ አይደለም፣ ግን የዛሬው ርዕሳችን እሱ አይደለም። ሁለተኛው የሜርኩሪ ጨው ነው፤ ኩላሊት ይጎዳል። ሦስተኛው ካርቦን የተጣበቀበት፣ ኦርጋኒክ የሚባለው ነው። ከሦስቱ ይበልጥ አንጎልን ቤቱ የሚያደርገው ይኼ ነው።

ከኦርጋኒኮቹ ሜቲልሜርኩሪን ዓለም በመከራ አውቆታል። በጃፓን ሚናማታ፣ ከፋብሪካ ወደ ባሕር የተለቀቀ ቆሻሻ በዓሣው አልፎ ሰው ውስጥ ገባ፤ በሽታው በይፋ የተመዘገበው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። በኢራቅ በ1971 እና 1972 እ.ኤ.አ. መካከል፣ ፈንገስ እንዳይበላው በሜቲልሜርኩሪ የታሸ የዘር እህል ገበሬው ዳቦ ጋገረበት። ከ6,500 በላይ ሰው ሆስፒታል ገባ፣ 459 ሞተ። እህሉ ለዘር እንጂ ለምግብ እንዳልሆነ ከረጢቱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ የተጻፈው ግን ገበሬው በማያነበው ቋንቋ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ አንዲት ሴት ቆዳ የሚያቀላ ክሬም ስትቀባ ቆይታ ራሷን እስከመሳት ደርሳለች፤ ክሬሙ ውስጥ የተገኘው ኦርጋኒክ ሜርኩሪ ነበር። ማቅያ ክሬም ከማይታወቅ ሻጭ የምትገዙ፣ ይቺን ያዙልኝ።

ዳይሜቲልሜርኩሪ የዚህ ቤተሰብ ክፉው ነው። ሜቲል የሚባሉ ሁለት የካርቦንና ሃይድሮጅን ቅንጣቶች የተሸከመ፣ ውሃ የመሰለ ቀለም አልባ ፈሳሽ። ክብደቱ ከውሃ ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፣ ክፍሉ ሳይሞቅም በደንብ ይተናል፣ እሳትም ይይዛል። ትንሽ ጣፋጭ ሽታ አለው ይባላል። ሽታውን ማጣሪያ አታድርጉት፤ ሸተተ ማለት ገባ ማለት ነው። ብልቃጡ ላይ ስሙ በተለያየ መልክ ስለሚጻፍ 593-74-8 የሚለውን የመለያ ቁጥር ፈልጉ።

ስብ ወዳድ ስለሆነ ቆዳንም ሳንባንም ያለ ችግር ያልፋል። ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ሜቲልሜርኩሪ ይለወጣል። ከዚያ ሲስቲን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ጋር ይጣበቃል፤ አብረው ሲታዩ ሜቲዮኒን የተባለውን ሌላ አሚኖ አሲድ ይመስላሉ። የአንጎል በር ዘበኛ ሜቲዮኒንን እንደ ቤተሰብ ስለሚያስገባ ይሄንንም «ግባ» ይለዋል። የሚጎዱት በተለይ ሚዛን የሚጠብቀው የኋለኛው ክፍልና ዓይን ያየውን የሚተረጉመው ክፍል ናቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሥራ ይገባል።

መጠኑን በቁጥር ላሳያችሁ። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ፣ ለዚህ ዓይነት ኦርጋኒክ ሜርኩሪ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን የፈቀደው በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.01 ሚሊግራም ነው። አንድ ተራ ጠብታ 0.05 ሚሊሊትር ብንላት ወደ 130 ሚሊግራም ሜርኩሪ ትሸከማለች። ያ 13,000 ሜትር ኩብ አየር እስከ ወሰኑ ይሞላል። ቤተ ሙከራችሁ 5 በ4፣ ከፍታው 3 ሜትር ከሆነ፣ አንዲት ጠብታ ለ200 እንዲህ ዓይነት ክፍሎች ትበቃለች።

ሁለተኛ፣ «ያለሱ አይሆንም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ

ዌተርሃን ያን ቀን ዳይሜቲልሜርኩሪ ያወጡት ለምርምሩ ራሱ ብለው አልነበረም። ኤንኤምአር በሚባለው መሣሪያ ሜርኩሪን ሲለኩ እንደ መነሻ ነጥብ የሚሆን ንጹሕ ናሙና ያስፈልግ ነበር፤ የተለመደው እሱ ነበር። ሚዛን ለማስተካከል የሚቀመጥ የኪሎ ድንጋይ በሉት። ለዚያ ሥራ ዛሬ የሜርኩሪ ጨው ሟሙቶ ያገለግላል። ጨውም መርዝ ነው፣ ግን አይተንም፣ ጓንትም በቀላሉ አያልፍም።

ስለዚህ ተማሪያችሁ ወይም ባልደረባችሁ «ጽሑፉ ላይ ያለው ይሄ ነው» ብሎ ግዢ ሲጠይቅ፣ ጽሑፉ የታተመበትን ዓመት እዩ። ከ1997 እ.ኤ.አ. በፊት ከሆነ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። ከዚያ በኋላም ከሆነ፣ ለምን ሌላ እንደማይሆን በወረቀት ያስረዳ። እኔ ጋ የመጣ ጥያቄ ሁሉ እዚህ ደረጃ ላይ ቆሟል፤ ወረቀቱን የጨረሰ አላየሁም።

ሦስተኛ፣ መጋዘኑን ፈትሹ

በእኛ አገር ዳይሜቲልሜርኩሪ አዝዞ የሚገዛ ቤተ ሙከራ ላይኖር ይችላል። ያለው አደጋ ሌላ ነው፤ የድሮ መደርደሪያ። በስጦታ የመጣ፣ ፕሮጀክት ሲያልቅ የቀረ፣ ባለቤቱ ጡረታ የወጣ ብልቃጥ። አንድ መጋዘን ቆጠራ ስናደርግ መለያ ወረቀቱን የአሲድ ትነት የበላው መደርደሪያ ገጠመን። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁትን አዛውንት «ጋሼ፣ እነዚህ ምንድን ናቸው?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ስቀጠርም እዚያው ነበሩ፤ ነክቻቸው አላውቅም» አሉኝ። አለመንካታቸውን አመሰገንኩ።

እንዲህ ያለ መደርደሪያ ላይ ትንሽ ሆና ከመጠኗ በላይ የምትከብድ፣ ቀለም የሌለው ፈሳሽ የያዘች ብልቃጥ ካለች፣ መለያዋም ከጠፋ ወይም «ሜቲል» እና «ሜርኩሪ» የሚሉ ቃላት ከተጻፉባት፦

አትክፈቷት፣ አታሽቷት፣ ክብደቷን ላረጋግጥ ብላችሁም አታንሷት። ካነሳችኋት በኋላ ከሆነ የተጠራጠራችሁት ቀስ ብላችሁ ያነሳችሁበት መልሱና እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ፎቶ አንሱ፣ መብራቱን አጥፍታችሁ ውጡ፣ በሩን ቆልፉ፣ ለምን እንደተቆለፈ በሩ ላይ ጻፉ። ክዳኗ ዙሪያ እርጥበት ወይም ቅርፊት ካያችሁ ክፍሉን ብቻ ሳይሆን አየር የሚጋሩትን ክፍሎች ሁሉ ባዶ አድርጉ። ቀሪው ሥልጠናና መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ሥራ ነው። ተቋማችሁ እንዲህ ያለ ሰው ከሌለው «እኛው እንሞክር» ማለት መፍትሔ አይሆንም፤ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን አሳውቃችሁ እስኪመጡ በሩ ተቆልፎ ይቆይ።

መኖሩ የታወቀና በሕግ የተያዘ ከሆነ ደግሞ በማይሰበር ዕቃ ውስጥ ሌላ ዕቃ ሆኖ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ፣ ከእሳትና ኦክሲጅን ከሚለግሱ ኬሚካሎች ርቆ፣ ትነቱ ወደ ውጭ በሚሳብበት ቁም ሣጥን ይቀመጥ። ቁልፉ አንድ ሰው ጋ። ምግብ የሚቀመጥበት ፍሪጅ አይታሰብም። ይህን መጻፍ ባያስፈልገኝ ደስ ባለኝ።

አራተኛ፣ የጓንቱ ነገር

ለልጅ ልደት የተነፋ ፊኛ አስታውሱ። ማታ አፉን አጥብቃችሁ ቋጥራችሁ ትተኛላችሁ፤ በበነጋው ተጨማዶ ታገኙታላችሁ። ቋጠሮው አልተፈታም፣ ቀዳዳም የለውም። አየሩ የወጣው በጎማው ሥጋ ውስጥ ሰርጎ ነው። የላቴክስ ጓንት የተሠራው ከዚያው ጎማ ነው። ጎማው ለዓይን ድፍን ይምሰል እንጂ ለአንዳንድ ፈሳሽ ወንፊት ነው፤ ሲያሳልፍም አይቀደድም፣ አይቀልጥም፣ ቀለም አይቀይርም። የሚታይ ነገር ስለሌለ ባለቤቱ እርግጠኛ እንደሆነ ይቆያል።

ከአደጋው በኋላ የተለያዩ ጓንቶች በዳይሜቲልሜርኩሪ ተፈተኑ። ስስ የላቴክስና የፒቪሲ ጓንቶች በ15 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ አሳለፉት። አሥራ አምስት ሰከንድ ማለት ፒፔቱን አስቀምጣችሁ፣ «ኧረ ፈሰሰብኝ» ብላችሁ፣ መጥረጊያ ወረቀት እስክታነሱ ነው። ጠብታው ሲወድቅ ወዲያው ጓንቱን አወልቃለሁ የሚል ሰው ያኔውኑ ዘግይቷል።

ፈተናውን የቻለው ላሜኔት የሚባለው፣ ከብዙ ስስ የፕላስቲክ ንብርብሮች የተጣበቀው ጓንት ነው። ለብሳችሁት ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ብርማ፣ የሚንኮሻኮሽ፣ እጅ ላይ የማይቀመጥ፣ የድንች ጥብስ ከረጢት የለበሱ የሚያስመስል። ሰው የማይወደውም ለዚህ ነው። በቀላሉ ስለሚቀደድና ስለሚያዳልጥ ብቻውን አይበቃም፤ በላዩ ወፍራም፣ እጅጌው እስከ ክርን የሚደርስ የኒዮፕሪን ወይም የናይትራይል ጓንት ይደረባል። ልብ በሉ፣ ወፍራም ናይትራይል ነው ያልኩት። በየሳጥኑ መቶ መቶ የሚሸጠው ሰማያዊው ስስ ናይትራይል ይህን ሥራ አይሠራም። ስሙ አንድ መሆኑ ብዙ ሰው አሳስቷል።

ላቴክስ ላይ ላቴክስ መደረብም መፍትሔ አይደለም። ሁለት ወንፊት ውሃ አይይዝም።

ይህ ለዳይሜቲልሜርኩሪ ብቻ የሚሠራ ዕውቀት አይደለም። ማንኛውንም ኬሚካል ስትነኩ የጓንቱን አምራች ሰንጠረዥ አውጥታችሁ፣ ያ ኬሚካል ያን ጓንት በስንት ደቂቃ እንደሚያልፍ እዩ። ኬሚካሉ ሰንጠረዡ ላይ ከሌለ «አልተፈተነም» ማለት ነው፣ «ይችላል» ማለት አይደለም። ዳይሜቲልሜርኩሪ እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ድረስ የነበረበት ሁኔታ ይኸው ነበር፤ እስኪፈተን አንድ ሰው ከፈለበት። እኔ ራሴ ጀማሪ ሳለሁ በላቴክስ ጓንት ሟሟት፣ ማለትም ሌላ ነገር የሚያሟሟ ፈሳሽ፣ ስቀዳ ቆይቼ፣ ጓንቱን ሳላወልቅ ስልክ አንስቼ ጆሮዬ ላይ ደግፌ አውርቻለሁ። አለቃዬ አይተው አልጮሁብኝም፤ ስልኩን ከጆሮዬ ላይ ወስደው ጓንቱን አስወልቀው፣ ጣቴን ራሴ እንዳሸተው አደረጉኝ። ሟሟቱ ጣቴ ላይ ሸተተኝ። ጓንቱ ግን አልተቀደደም ነበር።

አምስተኛ፣ የግድ ከሆነ

እስከዚህ ደርሳችሁ ሥራው የግድ ከሆነ፣ ብልቃጧ ከመከፈቷ በፊት ሦስት ነገር ይለቅ። ሠራተኛው ደምና ሽንት ይሰጥና መነሻው ይመዝገብ፤ በኋላ የሚገኘው ቁጥር የሚነጻጸረው ከዚህ ጋር ነው። ሜቲልሜርኩሪ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንስ ስለሚያልፍ ነፍሰ ጡር፣ ልታረግዝ ያሰበችና የምታጠባ ሴት ከክፍሉ ትራቅ፤ ምክንያቷን እንድትናገር የሚያስገድድ አሠራር አይኑር። የሁዱ የመሳብ አቅም ደግሞ በዚያው ሳምንት ይለካ። ማራገቢያው ስለጮኸ ይስባል ማለት አይደለም።

በሥራው ዕለት ሁለት ሰው ይኑር፤ አንዱ የሚሠራ፣ ሌላው የሚያይ። የሚያየው ሰው ስልክ አይነካም። ሠሪው ሁለቱን ጓንት ደርቦ፣ ከመነጽሩ በላይ አገጭ የሚያልፍ የፊት መከላከያ፣ ከጋውኑ በላይ ሽርጥ ይልበስ። የሁዱን የፊት መስታወት እስከሚቻለው ዝቅ ማድረግ፣ ሥር ጠርዝ ያለው ትሪ ማስቀመጥ፣ ብልቃጧን ማቀዝቀዝ፣ የሚቀዳውን መጠን እስከመጨረሻው መቀነስ። በተራ ፒፔት ሲቀዳ ከባድና ተናኝ ፈሳሽ ሳይጫኑት ራሱ ይንጠባጠባል፤ ዳርትማውዝ የሆነውም እንደዚያ ነው። በተዘጋ ዕቃ፣ በጎማ ክዳን በኩል በሲሪንጅ መውሰድ ይሻላል። እጁ የደከመው ወይም ቀኑን ሌላ ነገር ሲያስብ የዋለ ሰው ያን ዕለት አይሥራ።

የሜርኩሪ ትነት መለኪያ አለን ብላችሁ አትዘናጉ። አብዛኞቹ የተሠሩት ለባዚቃው ትነት ስለሆነ ይህኛውን በትክክል ላያነቡት ይችላሉ፤ አምራቹን ጠይቁ።

ስድስተኛ፣ ከፈሰሰ ወይም ከነካችሁ

ጓንት ላይ ከወደቀ የላይኛውን ከዚያም የውስጡን ሁዱ ውስጥ፣ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጣችሁ አውልቁ፤ እዚያው ተዉት። ልብስ ላይ ከነካ ልብሱ ይውለቅ፤ ሰው አለ ብሎ ማፈር የለም። ቆዳን ረጋ ባለ ውሃና ሳሙና ቢያንስ 15 ደቂቃ ታጠቡ፤ አትፈትጉ። ከሁዱ ውጭ ከፈሰሰ በወረቀት ልጥረገው አትበሉ። ትንፋሽ ሰብስቦ መውጣት፣ በር መዝጋት፣ ሌላውን ማስወጣት ብቻ።

ከዚያ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት። «ምንም አልተሰማኝም» የሚለው ሐሳብ ይመጣል፤ እውነትም ምንም አይሰማም። ዌተርሃንም አልተሰማቸውም። ሐኪሙም በሕይወቱ አንድ ጊዜ ላያጋጥመው የሚችል ነገር ስለሆነ እንዲህ ብላችሁ ንገሩት፦ «ዳይሜቲልሜርኩሪ ነክቶኛል፤ ኦርጋኒክ ሜርኩሪ ነው። የሙሉ ደም የሜርኩሪ ምርመራ እፈልጋለሁ።» ሽንት ብቻ ተመርምሮ «ደህና ነህ» ከተባላችሁ አትቀበሉ። ይህ ዓይነቱ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ይሰበሰብና በዋናነት በሐሞት በኩል በሰገራ ነው የሚወጣው፤ ሽንት ትንሹን ብቻ ያሳያል። ፀጉር ደግሞ ማስታወሻ ነው፤ እያደገ ሲሄድ መቼ ምን ያህል እንደገባ መዝግቦ ይይዛል። የዌተርሃን ፀጉር ሲመረመር ሜርኩሪው ያሻቀበው በነሐሴዋ አደጋ ሰሞን መሆኑን አሳይቷል።

ሕክምናው ብረቱን ይዞ የሚያስወጣ መድኃኒት ነው፤ ለእሳቸው የተሰጠው ሱክሲመር ይባላል። ሜርኩሪውን ማስወጣት ችሎ ነበር፣ ግን የተጀመረው ከአምስት ወር በላይ ካለፈ በኋላ ስለሆነ የሞተውን የአንጎል ሕዋስ ሊመልስ አልቻለም። ለሐኪሙ አንድ ነገር ጨምሩለት፦ ቢኤኤል ወይም ዳይመርካፕሮል የሚባለው የቆየ የብረት መርዝ ማርከሻ ለኦርጋኒክ ሜርኩሪ አይሆንም፤ መርዙን ወደ አንጎል ሊገፋው ይችላል። ይህችን በወረቀት ጽፋችሁ ጋውናችሁ ኪስ ውስጥ ብታኖሩ አያስቅባችሁም።

ቆሻሻው

የተረፈው ፈሳሽ፣ የፒፔቱ ጫፍ፣ ሲሪንጁ፣ ሁለቱም ጓንት፣ ትሪው ላይ የተነጠፈው ሁሉ አንድ ላይ በሚታሸግ ዕቃ፣ ያም በሌላ ዕቃ ውስጥ ይግባ። ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ አይፈስስም፣ አይቃጠልም፣ ከሌላ ቆሻሻ ጋር አይቀላቀልም። ላዩ ላይ «የሜርኩሪ ቆሻሻ» ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ የሚረከበው ሰው የተሰበረ ቴርሞሜትር ይመስለውና ስስ ጓንቱን አድርጎ ይከፍተዋል። ሙሉ ስሙን፣ ቁጥሩን፣ የታሸገበትን ቀንና «በስስ ጓንት አይነካም» የሚለውን በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ በማይለቅ ቀለም ጻፉበት።